የበሬው ገንዘብና የቅቤው ገንዘብ

ጊፋታ ሲቃረብ የወላይታ ገበያዎች ለሁለት ይከፈላሉ። በከብት ተራው ወንዶች በሬውን ከበው ሻኛውን ይዳስሳሉ፣ ጥርሱን ገልጠው ያያሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ተጣልተው ይሄዱና ተመልሰው ይመጣሉ። በቅቤ ተራው ደግሞ ሴቶች በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ ገለጥ አድርገው በጣት ጫፍ ይቆነጥራሉ፣ ያሸታሉ፣ ቀማሽም አለ። ድንች ወይም ሙዝ ተፈጭቶ ተቀላቅሎበት እንደሆነ የሚለይ አፍንጫ ያላት ሴት በዚያ ሰሞን ተፈላጊ ናት።

በመስከረም አጋማሽ ግድም የሚውለው ይህ የወላይታ ዘመን መለወጫ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ አይታሰብም። ሁለቱ ግን ወደ ቤት የሚገቡት በተለያየ በር ነው። ለእርድ የሚሆነውን በሬ የሚገዙት አባወራዎቹ ናቸው። ጎረቤት ከጎረቤት ይቧደኑና ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሲያዋጡ ከርመው በዓሉ ሲደርስ በሬውን በጋራ ገዝተው ይካፈላሉ። ቅቤው የእማወራዋ ድርሻ ነው። ሴቶቹም የቅቤ እቁብ ይጥላሉ፤ እያንዳንዷ ከላሟ ያወጣችውን ወይም ከገበያ የሸመተችውን ቅቤ በተራ ለባለ ዕጣዋ ታስረክባለች፣ ተራዋ ሲደርስ የሁሉም ቅቤ በአንድ ጊዜ ቤቷ ይገባል። በጉራጌም ለመስቀል ተመሳሳይ ልማድ አለ፤ ሴቶቹ ወተትና ቅቤ የሚያጠራቅሙበት ማኅበር «ዊጆ» ይባላል።

አንድ ቤት፣ አንድ በዓል፣ ሁለት ቁጠባ። ባልየው የሚቆጥበው በገንዘብ ነው፤ ዓላማውም አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ አዋጥቶ መጨረሱንም ሰፈሩ በሙሉ ያያል። የሚስቲቱ ቁጠባ በዓይነት ነው፤ ትንንሽ ነው፤ እንግዳ ሰው ቁጠባ መሆኑንም ላያውቅ ይችላል። ባንኮችና የልማት ድርጅቶች «ወንድና ሴት በቁጠባ ለምን ይለያያሉ?» ብለው ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ከጠባይ ነው፤ ሴት ጠንቃቃ ናት፣ ወንድ አባካኝ ነው ይላሉ። ወላይታን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ግን ልዩነቱ የሚጀምረው ከጠባይ በፊት ነው፤ ገንዘቡ በማን እጅ፣ በምን መጠን፣ በስንት ቀን አንዴ ይገባል ከሚለው።

ወላይታ መሬት የጠበበበት አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዞኑ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ340 ሰው በላይ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል። በዳሞታ ተራራ ሥር ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ደህና መሬት አለው ይባላል። በዚህች መሬት ላይ ሥራውም ገቢውም በልማድ የተከፋፈለ ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ቡናው፣ ባሕር ዛፉና ትልልቁ ከብት የአባወራው ነው፤ የሚሸጠው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲሆን ሲሸጥ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይገባል። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ፣ እንሰቱ፣ ጎመኑ፣ ዶሮዋና እንቁላሏ፣ ቅቤና አይቡ የእማወራዋ ነው፤ ይህ ደግሞ በየገበያው ቀን ጥቂት ብር ያመጣል። በዚያችው ብር ጨው፣ ጋዝ፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር ተገዝቶባት የተረፈችው መቀነት ጫፍ ላይ ትቋጠራለች።

በዓመት አንዴ ብዙ የሚያገኝና በየሳምንቱ ጥቂት የሚያገኝ ሰው እኩል ብልህ ቢሆኑም አንድ ዓይነት ቆጣቢ አይሆኑም። የመጀመሪያው ገንዘቡ ሳይበታተን ቶሎ ወደ ዕቃ መለወጥ አለበት፤ ወደ ቆርቆሮ፣ ወደ ጊደር፣ ወደ ልጁ የሰርግ ወጪ። ሁለተኛዋ ሳንቲሟ እስኪጠራቀም የሚያቆይላት ነገር ትፈልጋለች። ወንዶቹ ለሥራ ሲሰደዱ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። የወላይታ ጎልማሶች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ወደ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ እርሻዎች፣ ወደ አዋሽ ሸለቆ የጥጥ ማሳዎች፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ኖረዋል። ባል ወራት ቆይቶ በርካታ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይልካል ወይም ይዞ ይመጣል፤ በመሐሉ ያለውን የዕለት ተዕለት ቀዳዳ የምትሸፍነው የጓሮዋ ባለቤት ናት።

ስለ ጓሮው ሲነሳ እንሰትን አለማንሳት አይቻልም። ተክሉ ደርሶ ለምግብ እስኪቆረጥ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከበቆሎ የተሻለ ድርቅ ይችላል፤ ተፍቆ ጉድጓድ ከገባ በኋላም ቆጮው ለወራት ይቆያል። በአንድ ጓሮ ውስጥ ከትንሿ ችግኝ እስከ ደረሰው ግንድ የተለያየ ዕድሜ ያለው እንሰት ጎን ለጎን ስለሚቆም የቤቱ እናት ዘንድሮ የሚቆረጠውን፣ ለከርሞ የሚተወውን፣ ለክፉ ቀን የማይነካውን በዓይኗ ለይታ ታውቀዋለች። ለባንክ ሠራተኛ የሒሳብ ደብተር ምን ማለት እንደሆነ ለእሷ ያ ጓሮ ማለት ነው። ፍግ የምታወርድበትና የምትፍቀው እሷ ናት፤ ፍቀቱ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ስለሆነ ሴቶች በተራ እየተጋገዙ ይሠሩታል።

ይህን ቁጠባ የዋጋ ግሽበት አይበላውም። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ወለድን ዝቅተኛ መጠን ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ያን ዓመት ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ አባወራ የመግዛት አቅሙ ሲሸረሸር እንሰቷን ሳትቆርጥ ያቆየች ሴት የቆጮ ዋጋ አብሮ ሲወጣ አየች። እርግጥ እንሰትም የራሱ ኪሳራ አለው፤ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ከገባ የዓመታት ልፋት በጥቂት ሳምንት ይጠወልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንሰት ወደ ትልቅ ገንዘብ አይለወጥም። የታመመ ልጅ ይዞ ወደ ዞኑ ከተማ ወደ ሶዶ ሆስፒታል ለሚሮጥ ሰው የቆመ ተክል ብዙ አያግዝም።

ከብትም ቢሆን በወላይታ ከራስ ጓሮ ውጭ የሚቆጠብበት መንገድ አለው። «ኮታ» ሁለት ሰዎች አንድ ከብት በጋራ የሚይዙበት ውል ነው፤ «ሃራ» ደግሞ ባለ ከብቱ ላሙን ለሌላ አርቢ የሚሰጥበት፣ አርቢው በልፋቱ ከወተቱና ከፍጉ የሚጠቀምበት፣ እንደ ውሉም ከሚወለደው የሚያገኝበት ነው። መኖ ላጠረው፣ ወይም የሚያግድ ጉልበት ለሌለው ቤት የተበጀ ዘዴ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም ለሥራ የራቀባት ሴት አንዲት ጊደር ሰው ቤት ብታኖር ከብቷ ከዓይን ይርቅላታል፤ «ይሸጥና ይህን እንሙላበት» ከሚል የቤት ጥያቄም እንዲሁ።

ከዓይን ማራቅ! በሴቶች ቁጠባ ውስጥ ይህ ነገር ተደጋግሞ ይመጣል። እቁብን ብንወስድ፣ ወለድ አይከፍልም፤ መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው ይጠቀማል፣ የመጨረሻው ገንዘቡን ያለ ትርፍ ለወራት አበድሮ ይከርማል። ታዲያ ለምን ይጣላል? ሲዋን አንደርሰንና ዣን ማሪ ባላንድ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ናይሮቢ፣ ኪቤራ ሠፈር ውስጥ እንደ እቁባችን ያለውን ማኅበር አጠኑ፤ ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። አባላቱ በአብዛኛው ሴቶች ሆነው ተገኙ፤ በተለይ ያገቡና የራሳቸው ገቢ ያላቸው። ምክንያቱንም ከባል ጋር አያያዙት፤ እቁብ የተጣለ ገንዘብ ቤት ውስጥ ስለሌለ «አምጪው» ሊባል አይችልም። ከግኝታቸው የሚገርመው ሌላው ነው። እቁብ በብዛት የሚጥሉት ከቤቱ ገቢ መካከለኛ ድርሻ የሚያስገቡ ሴቶች ነበሩ። ምንም የማታስገባዋ የምትጥለው የላትም፤ አብዛኛውን የምታስገባዋ ደግሞ ገንዘቡን መደበቅ አያስፈልጋትም፣ ቃሏ ይሰማል።

እዚህ ላይ ለወንዶቹም ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የሶዶ የባጃጅ ሾፌሮች፣ የጫኝና አውራጅ ሠራተኞች፣ የሱቅ ልጆች የቀን እቁብ የሚጥሉት በምሽት ገንዘቡ እጃቸው ላይ እንዳያድር ነው። የሚሸሹት ሚስትን ላይሆን ይችላል፤ ጓደኛን፣ ጠጅ ቤትን፣ ብድር ጠያቂ ዘመድን፣ አንዳንዴም ራሳቸውን ነው። አባወራ ኪሱ ሞላ ሲባል የሚመጣበት ዘመድ ቁጥር ከእማወራዋ ይበልጣልና በአደባባይ የሚታይ ገንዘብ ያለው ሰው በአደባባይ ይጠየቃል። ቶሎ ቆርቆሮና በሬ የሚገዛውም በከፊል ለዚህ ነው።

ሴት ቆጣቢ ናት የሚለው ሙገሳ የሚደብቀው ነገር አለ። በ1986 እና በ1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትብብር በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች የቤተሰብ ጥናት ተካሂዶ ነበር፤ ከመንደሮቹ አንዱ በወላይታ ቦሎሶ አካባቢ ያለው ጋራ ጎዶ ነው። ስቴፋን ደርኮንና ፕራሚላ ክሪሽናን ይህን መረጃ ተጠቅመው አንድ ነገር ለኩ፤ ከቤቱ አንድ ሰው ሲታመም የባልና የሚስት ክብደት ምን ይሆናል? በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ጉዳቱን ቤተሰቡ ተካፍሎት ተገኘ። በደቡብ ባሉት ድሃ ቤተሰቦች ግን ሴቶቹ ይከሱ ነበር። ችግር ሲመጣ የሚቀነሰው መጀመሪያ ከእሷ ሳህን ነው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የምትኖር ሴት ሳንቲም የምትደብቀው ስግብግብ ወይም ጠንቃቃ ሆና ስለተፈጠረች ነው ማለት ነገሩን ገልብጦ ማየት ይመስላል፤ ለራሷ ሰውነት መድን እየገባች ነው።

ሕጉም ለረዥም ጊዜ አላገዛትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቶ ለተጋቢዎቹ በቤታቸው አስተዳደር እኩል መብት ሰጠ፤ በትዳር ዘመን የሚገኝ ገቢም የጋራ ሀብት ነው አለ። ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። በገጠር የመሬት ደብተር ላይ የሚስት ስም ከባል ስም ጎን መስፈሩም ቀላል ለውጥ አልነበረም። ሆኖም ማርሴል ፋፍሻንና አግነስ ኪሱምቢንግ በዚያው የገጠር ጥናት ላይ ተመሥርተው እንዳሳዩት፣ ወደ ትዳር ሲገባ ባል ይዞት የሚመጣው መሬትና ከብት ሚስት ከምትይዘው እጅግ ይበልጣል። በወላይታ ሴት ልጅ አግብታ ወደ ባሏ ቀዬ የምትሄድ፣ መሬት ደግሞ ወንድ ልጅ የሚወርሰው በመሆኑ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሕጉ ሌላ ጎንም አለው። መቀነቷ ውስጥ የቋጠረችው ብር በሕግ ዓይን የጋራ ነው፤ መደበቋ ከሕጉ ጋር ሳይሆን ከልማዱ ጋር የምታደርገው ድርድር ነው።

ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ ይህን የተበታተነ ቁጠባ ወደ አንድ ሣጥን የሰበሰበው የራስ አገዝ ቡድን ነው። እንቅስቃሴው በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1994 ዓ.ም. ግድም በአዳማ (ናዝሬት) ነው፤ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዙ ቲርፈንድ ጋር በአምስት ቡድኖችና ወደ መቶ በሚሆኑ ሰዎች አስጀመረው። ቃለ ሕይወት በወላይታ ሥሩ የጠለቀ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሐሳቡ ሶዶ ሲደርስ የሚያደምጠው ሰው አላጣም፤ የወላይታ ቃለ ሕይወት የልማት ክንፍ የሆነው ተረፔዛ የልማት ማኅበርም እንዲህ ያሉ ቡድኖችን ካደራጁት አንዱ ነው። ከውጭ የሚሰጥ ገንዘብ የለም። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ይገናኛሉ፣ ጥቂት ብር ያስገባሉ፣ ከተጠራቀመው እርስ በርስ ይበዳደራሉ፣ ስብሰባውን በተራ ይመራሉ።

ሌላው ዓይነት የመንደር ቁጠባና ብድር ማኅበር ነው፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1991 ኬር የተባለው ድርጅት በኒጀር፣ ማራዲ የጀመረው የሴቶች ማኅበር ነው። የዚህኛው ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱን ቁልፎች ሦስት የተለያዩ ሴቶች ይይዛሉ፤ ሣጥኑ ደግሞ በአራተኛዋ ቤት ያድራል። በስብሰባው ዕለት ሦስቱ ባለ ቁልፎች ቀርበው ይከፍቱታል። ገንዘቡ ሁሉም እያየ ሳህን ላይ ወጥቶ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፤ ባለፈው ሳምንት የቀረው ስንት እንደነበር አባላቱ በቃላቸው ይናገራሉ፤ ማንበብ የማትችለዋም በግል ደብተሯ ላይ የሚመታላትን ማኅተም ቆጥራ ድርሻዋን ታውቃለች። አንድ ሳንቲም ቢጎድል ሦስቱም ተጠያቂ ናቸው። ለማኅበራዊ ችግር የሚዋጣ ሌላ ትንሽ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጣል፤ ለታመመ ልጅ፣ ለለቅሶ። ዓመት ሲሞላ የተጠራቀመው ከነወለዱ ይከፋፈላል፤ ያን ጊዜ ነው በግ፣ ማዳበሪያ፣ የተማሪ ቦርሳ የሚገዛው።

የዚህ ሣጥን ትልቁ ጥቅም ከወለዱ ይልቅ ሰበቡ ሳይሆን አይቀርም። «የማኅበር ገንዘብ ነው» የሚል መልስ ያላት ሴት ባሏን ሳታስቀይም እምቢ ማለት ትችላለች። ድብቁ ቁጠባ ድብቅ መሆኑ ይቀራል፤ ባልየው ያውቀዋል፣ ብቻ አይነካውም። አንዳንድ ባሎች ከማኅበሩ በሚስታቸው በኩል ብድር እንዲወጣላቸው ሲያግባቡ መታየታቸው የነገሩ ሌላ ገጽታ ነው፤ ብድሩን የሚጠቀምበት እሱ፣ ከፋይዋ እሷ ትሆናለች።

ባንኮቹስ? የዓለም ባንክ የግሎባል ፊንዴክስ ጥናት እንዳሳየው እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያውያን አዋቂዎች 35 በመቶ የሚሆኑት የባንክ ወይም መሰል ሒሳብ ነበራቸው፤ ከወንዶቹ 41፣ ከሴቶቹ 29 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጠቅላላው ወደ 46 በመቶ ሲያድግ በወንድና በሴት መካከል ያለው ክፍተት አልጠበበም። በደቡብ በ1980ዎቹ ማብቂያ ሥራ የጀመረውና በኋላ ባንክ የሆነው ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ በቡድን ዋስትና የሚሰጥ ብድር ይዞ ገጠር ድረስ ዘልቋል። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ አሥራ አንድ ሴቶች ያቋቋሙት እናት ባንክ ደግሞ ሴቶችን ዓላማው አድርጎ ተነስቷል። ነገር ግን ለአንዲት የሶዶ ዙሪያ እናት 30 ብር ለማስገባት የትራንስፖርት ከፍላ፣ የገበያ ሰዓቷን አጥታ ወረፋ መያዝ ሒሳቡ አይመጣላትም።

ሒሳቡ የሚመጣ ከሆነ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። በምዕራብ ኬንያ ቡማላ በምትባል ትንሽ ከተማ ፓስካሊን ዱፓና ጆናታን ሮቢንሰን የሠሩት ሙከራ ይህን ያሳያል። ለገበያ ነጋዴ ሴቶችና ለብስክሌት ታክሲ ነጂ ወንዶች የመንደር ባንክ ሒሳብ በነጻ ተከፈተላቸው። ሒሳቡ ወለድ አይከፍልም፣ ሲወጣ ደግሞ ክፍያ ይቆርጣል፤ በሌላ አነጋገር አስቀማጩን ያከስራል። ወንዶቹ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ሴቶቹ ግን ገንዘባቸውን አስገቡ፤ በወራት ውስጥም በንግዳቸው ላይ የሚያፈሱት ገንዘብ ከ38 እስከ 56 በመቶ አደገ። ከስረው የሚቆጥቡ ሰዎች የፈለጉት ትርፍ አልነበረም፤ ገንዘባቸው የሚያድርበት፣ ከቤት የራቀ ቦታ ነው።

ከቁጠባ ወደ ብድር ስንሻገር፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው በሚንቀሳቀስ ንብረት ላይ ስለሚመሠረት ዋስትና የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና ሰብል ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ቤትና መኪና ለሌላቸው ገበሬዎች መልካም ዜና ነው። ግን መያዣ ባለቤት ይፈልጋል፤ በሃራ ሰው ቤት ያለችው ጊደር የማናት? በሚስት ቅቤ የተገዛችው ላም በማን ስም ትመዘገባለች?

ተመሳሳይ ጥያቄ ስልኩም ላይ አለ። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ማብቂያ ላይም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ቁጠባና ያለ መያዣ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር አመጣ። ብድሩ የሚወሰነው በደንበኛው የስልክና የገንዘብ ዝውውር ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ነው። በገጠር ወላይታ አንድ ቤት አንድ ስልክ ብቻ ካለው ስልኩ የሚያድረው አብዛኛውን ጊዜ በአባወራው ኪስ ነው። የእንቁላሏን ገንዘብ በእሱ ስልክ የምታስገባ ሴት ስትቆጥብ ብትውል የሚያድገው የእሱ የብድር ወሰን ነው። በሦስት ቁልፍ የተዘጋው ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ሳታቋርጥ ያስገባችው ደግሞ በሩብ ወረቀት ደብተር ላይ በማኅተም ተመዝግቦ ይገኛል፤ ያን ደብተር አይቶ ብድር የሚፈቅድ ባንክ በሶዶ ከተማ ከተከፈተ ወረፋው ላይ የሚቆሙት ሴቶች ጥቂት አይሆኑም።